በትምህርት ቤት ግቢ ለተጠለሉ 180 ተፈናቃዮች፦ ስንዴ እንግዛ ወይስ ብር እንስጥ?

የዕድር ጸሐፊ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ያለን ሦስት ዕድሮች ገንዘብ አዋጥተናል። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ግቢ ግጭት ሸሽተው የመጡ 41 ቤተሰቦች፣ በድምሩ 180 ሰዎች ተጠልለዋል። ከነዚህ ውስጥ 32ቱ ከ5 ዓመት በታች ናቸው። ስማቸው ቀበሌ አለ፣ እርዳታው ግን ወር ጠብቆ አይመጣም። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ስንዴ በኩንታል ይገዛ ይላል፣ ግማሹ ጥሬ ብር ይሰጥ ይላል። በእጃችን ያለው ለሁለት ወር ቢሆን ነው። ግቢው አንድ ቧንቧና አራት መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አለው። ሥራውን የምታውቁ፣ ስንት ምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ንገሩን።

መጋዘን

የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ኪሎ ዘይት ነው፤ ሕፃኑም አዋቂውም እኩል ይቆጠራል። ለ180 ሰው በወር 27 ኩንታል ስንዴ፣ 270 ኪሎ ክክ ወይም ምስር፣ 90 ሊትር ገደማ ዘይት ይመጣል። በቀን ለአንድ ሰው 2,000 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ይሰጣል፣ የሚፈለገው 2,100 ነው።

ወረቀት ላይ ይበቃል። የሚጎድለው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነው፦ ወፍጮ፣ ማገዶ፣ ጨው፣ በርበሬ። ያልተፈጨ ስንዴ የተቀበለች እናት ማስፈጫ ከየት ታመጣለች? ከዚያው ስንዴ ቀንሳ ትሸጣለች፤ ያውም ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚሸጥ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። በማግስቱ ስንዴው ገበያ ላይ ሲታይ «ቢቸግራቸው አይሸጡትም ነበር» የሚል አይጠፋም። የሸጡት ግን የቀረውን ለመብላት ነው።

ስለዚህ ስንዴውን ከ27 ወደ 24 ኩንታል ብታወርዱት እንኳ የወፍጮውን ሒሳብ እናንተ ክፈሉ። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጋር ተዋዋሉና ለየቤተሰቡ ማኅተም ያረፈበት ቲኬት ስጡ። ባለወፍጮው ቲኬቶቹን ሲመልስ ይከፈለው። አስፈጭቶ ማደልም ይቻላል፣ ግን በክረምት ዱቄት ይሻግታል፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አታስፈጩ። ጨው (አዮዲን ያለው) በሰው 150 ግራም ጨምሩ፣ ርካሽ ነው፣ ሁሌም ይረሳል።

ብር ወይስ እህል ለሚለው፦ መንገድ ሲዘጋ ባሕር ዳር የእህል ዋጋ በአንድ ሳምንት ይዘላል፣ ያኔ የሰጣችሁት ብር ግማሽ ጆንያም አይገዛም። እኔ ብሆን እህሉንና ዘይቱን በዓይነት፣ ማገዶ፣ በርበሬና ሳሙናውን በብር አደርገዋለሁ። ብሩንም በቤተሰብ ሳይሆን በራስ ቁጥር አስሉት፤ በቤተሰብ ከሆነ በሚቀጥለው ወር 41 የነበረው 60 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሰጣጡ ላይ ጠብ የሚነሳው በጣሳ ነው። አንዱ ሰፋሪ ቆልሎ ይሰፍራል፣ ሌላው ጠርጎ፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት ልዩነቱ ብዙ ኪሎ ነው። ተንጠልጣይ ሚዛን ተከራዩ። ካልተገኘ ጣሳውን አስቀድማችሁ በሕዝቡ ፊት መዝኑና ሁልጊዜ ጠርጋችሁ ስፈሩ። ዘይቱን በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ለኩ፣ የአንድ ሰው ድርሻ ከዚያ አያልፍም። ዝርዝሩ ከስርጭቱ በፊት በነበረው ቀን ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ካርዱም በእማወራዋ ስም ይሁን።

ቧንቧ ነኝ

እህሉን ለመጋዘን ትቻለሁ፤ ካርዱን በእማወራ ስም ማድረጉ ላይ ግን እናት የሌለችበት ቤት እንዳይዘለል።

ውኃ፦ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ያዙ፣ 2,700 ሊትር ማለት ነው። «አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ይበቃል» የሚባል መመዘኛ አለ፣ ኮሚቴው እሱን ይዞ እንዳይከራከር። ቧንቧው በደቂቃ 7.5 ሊትር ቢሰጥ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይሞላል። 135 ጀሪካን ስድስት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፣ ውኃው ሳይቆራረጥ! 5,000 ሊትር ሮቶ ግዙና ሌሊት ይሙላ፤ ከሥሩ ሦስት አራት ቧንቧ አውጡለት። ሲሞላ አምስት ቶን ስለሚመዝን ከእንጨት ቆጥ ላይ አታስቀምጡት፣ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ይሠራለት።

ክሎሪን ከመጨመራችሁ በፊት የቧንቧውን ውኃ አስለኩ። ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም በሊትር ካለው አትንኩት። ከሌለው ወይም በቦቴ የመጣ ውኃ ከሆነ፣ ባለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም ለ5,000 ሊትር መነሻ ይሆናል። በፕላስቲክ ባልዲ፣ ደጅ ላይ አሟሙት፤ ዝቃጩ ሲቀመጥ ከላይ የጠራውን ብቻ ሮቶው ውስጥ ገልብጡና ከ30 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ተከፍቶ የሰነበተ ዱቄት ኃይሉን ያጣል፣ «ጨምረናል እኮ» እየተባለ ተቅማጥ የሚገባው በዚህ ነው። ሌላው ጥፋት ጀሪካኑ ነው፤ ውስጡ አረንጓዴ የያዘ ጀሪካን ጥሩውን ውኃ ያበላሸዋል። ጠጠርና ሳሙና ጨምሮ መናጥ ነው መድኃኒቱ።

ሽንት ቤት፦ አራት መቀመጫ ለ180 ማለት 45 ሰው በአንድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታለፋል፣ ከዚያ በኋላ ግን መለኪያው 20 ሰው በአንድ ስለሚሆን አምስት ይጨመር። ከሐይቁ ብዙ ካልራቃችሁ ጥልቅ ጉድጓድ አትቆፍሩ። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ እሱም በበጋ ሳይሆን በነሐሴ በሚደርስበት ልክ። አፈሩ መረሬ ከሆነ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ያልተገነባ ግድግዳ ይናዳል። ያለው አማራጭ ጉድጓዱን አሳጥሮ፣ ግድግዳውን በድንጋይ ገንብቶ፣ መቀመጫውን ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ማንሳትና በመምጠጫ መኪና ማስመጠጥ ነው። የሴቶቹ ለብቻ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ማታ መብራት ያለው ይሁን።

ጤና ኬላ

32ቱን ልጆች ለጤና ኤክስቴንሽኗ አስለኩ። ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት ያለው ልጅ ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ፕላምፒኔት (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ቅባት) ከሱቅ ገዝታችሁ አታድሉ፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው የሚታዘዘው።

የዱቄት ወተትና ጡጦ ማንም ቢያመጣ አትቀበሉ። ጡጦ የሚቀቀልበት ማገዶ በሌለበት ግቢ ተቅማጥ ማደል ነው።

ለምለም (ለተቅማጥ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት) አስቀምጡ። አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ውኃ ነው፤ በብርጭቆ የሚበጠብጡት ብዙ ናቸው፣ ያ ጨው ይበዛበታል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ሁለት ሰው በአንድ ቀን እንደ ሩዝ ውኃ ካስቀመጠው አትጠብቁ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት ደውሉ።

አጎበር 100 ይበቃል፣ ከመስከረም በፊት ይድረስ። ክፍል ውስጥ ሚስማር መምታት አይፈቀድ ይሆናል፤ ከመስኮት መስኮት ሽቦ ወጥሩ።

የዕድር ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረን። ልብሳቸውን ጣና ወርደው ቢያጥቡስ? ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ሰውስ?

ጤና ኬላ

ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ (ከውኃው በቆዳ የሚገባ ትል) አለ፤ በተለይ ልጆቹ ውኃው ውስጥ ቆመው አይጠቡ፣ አይዋኙ። ማጠቢያውን ግቢ ውስጥ አድርጉት፣ 15 ሊትሩ ካልበቃ ከሮቶው የተረፈውን ተጠቀሙ።

መጋዘን

ከግዢው አሥር በመቶውን አትንኩ። አዲስ የመጣ ሰው ስሙ በሌላ ወረቀት ይመዝገብና ከዚያው ላይ የሁለት ሳምንት ይሰጠው፣ 7.5 ኪሎ ስንዴ በሰው። ቀበሌው እስኪያጣራ ብላችሁ ባዶ እጁን አታሳድሩት፤ የሚበላው ከዘመዶቹ ድርሻ ነው፣ ያኔ የሁሉም ሒሳብ ይዛባል።