ለትምህርት ቀን ጠዋት የሚሆን ጤናማ ፓንኬክ

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ልጆቹ ጠዋት ከፓንኬክ ሌላ አይበሉም። በካርቶን የሚሸጠውን የተዘጋጀ የፓንኬክ ዱቄት በየቀኑ መስጠት አሳስቦኛል፤ ከትምህርት ቤት ባስ በፊት ያለን ጊዜ ደግሞ 15 ደቂቃ ነው። በጤፍ የምትሠሩ መጠኑን ጻፉልኝ። ጤፍ ብቻ ሲሆን ለምን ይፈረፈራል?

መልስ (አሌክሳንድርያ)
እህቴ፣ ከዱቄቱ በፊት ሲረፑን ተመልከቺ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሜፕል ሲረፕ 12 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ነው። ሁለት ማንኪያ ካፈሰሱ የቀኑ ድርሻ በቁርስ አለቀ። በምትኩ 1 ኩባያ የበረደ እንጆሪ ማይክሮዌቭ ውስጥ 90 ሴኮንድ አሙቀሽ በሹካ ጨፍልቂው፤ የራሱ ጭማቂ ይበቃዋል።

ካርቶን የምትገዢ ከሆነ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢ፦ ከቀኑ መጠን 5% ወይም በታች ዝቅተኛ፣ 20% ወይም በላይ ከፍተኛ ነው። ሶዲየሙንና የተጨመረውን ስኳር በዚህ መዝኚ።

የቤቱ አሠራር ይህ ነው። ደረቁ፦ 1 ኩባያ የጤፍ ዱቄት (150 ግራም ገደማ)፣ 1 ኩባያ የሙሉ ስንዴ ዱቄት (120 ግራም)፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። ጨው አልጻፍኩም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ብቻውን ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም ስላለው ተጨማሪ አያስፈልግም። እሑድ ይህን አራት እጥፍ ቀላቅለሽ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። የሙሉ ስንዴ ዱቄት ቅባት ስላለው ሙቀት ላይ ሲከርም ሽታው ይለወጣል።

እርጥቡ፦ 2 እንቁላል፣ 1 ኩባያ ከ3/4 አሬራ፣ 1 በደንብ የበሰለ ሙዝ የተጨፈለቀ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ስኳር አይገባም። እርጥቡን ደረቁ ላይ አፍስሰሽ 15 ጊዜ ያህል ብቻ አማስዪ፤ ትንንሽ ጓል ቢቀር ግድ የለም። ብዙ ሲመታ የስንዴው ግሉተን (ሊጡን የሚያያይዘው ፕሮቲን) ይጠነክርና ፓንኬኩ እንደ ጎማ ይሳባል። ከዚያ 10 ደቂቃ ይረፍ፤ ይህችን አትዝለያት። ጤፍ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ሳያርፍ ከተጋገረ አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል።

የሚፈረፈረው ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ነው። ጤፍ ብቻ ከፈለግሽ 1 እንቁላልና 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ጨምሪ፤ አነስ አድርገሽ ጋግሪ፣ ትልቁ ሲገለበጥ ይቆረሳል።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሩብ ኩባያ አፍስሺ፤ ጠርዙ ሲደርቅና ዓይኑ ተከፍቶ ሲቀር (2–3 ደቂቃ) ገልብጪ፣ ሌላው ጎን አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ከሆነ እሳቱ በዝቷል፤ የሙዙ ስኳር ቶሎ ይጠቁራል። በመገልበጫ አትጫኚው፤ አየሩ ይወጣና ይደርቃል።

መልስ (ሚኒሶታ)
በመጥበሻ ሦስት ሦስት ከመጋገር የእንጀራውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጠቀሙ። 16 ኢንቹ ምጣድ ሰባት ያህል በአንዴ ይይዛል። ሙቀቱን ከእንጀራው ዝቅ አድርጉና 375 ፋራናይት (190 ሴልሺየስ) ላይ ይሁን። ምጣዱን ዘይት አትቀቡት፣ ሊጡ ውስጥ ያለው ይበቃል፤ የቅባት ቅሪት ለሚቀጥለው እንጀራ አይሆንም። መገልበጫው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ይሁን።

እህቴ፣ ለ15 ደቂቃው ጠዋት መፍትሔው ፍሪዘር ነው። ፓንኬኩ ሽቦ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከከደንሽው በእንፋሎቱ ይረጥብና ይጣበቃል። ትሪ ላይ ሳይነካካ 1 ሰዓት በረዶ ከያዘ በኋላ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥተሽ ዝጊ። እስከ 2 ወር ጣዕሙን ይጠብቃል። ጠዋት ከፍሪዘር በቀጥታ ቶስተር ውስጥ ይግባ። ማይክሮዌቭም በ30 ሴኮንድ ያሞቀዋል፣ ግን ይለሰልሳል እንጂ ጠርዙ አይደርቅም።

መልስ (ዴንቨር)
እንደ እኛ ከፍታ ላይ ያላችሁ (1,600 ሜትር ገደማ) የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን ወደ 1 የሻይ ማንኪያ ተኩል አውርዱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አሬራ ጨምሩ። የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መሐሉ ተመልሶ ይሰምጣል።

ጥያቄ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጾም ቀንስ?

መልስ (ፍራንክፈርት)
በሁለቱ እንቁላል ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ6 ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ እስኪያሟልጭ 10 ደቂቃ አቆዪው። በአሬራው ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት ከ1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጋር አድርጊ። ሎሚው የግድ ነው፤ ሶዳው የሚነፋው ኮምጣጣ ሲያገኝ ነው፣ ካላገኘ ሳሙና ሳሙና ይላል። የጾሙ ፓንኬክ ትንሽ ጠፍጠፍ ስለሚል እያንዳንዱን ጎን አንድ ደቂቃ ጨምሪለት።

ጀርመን ላላችሁ፦ የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊሊትር ነው። ከላይ የተጻፈው 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር እዚህ የሚሸጠው የትንሿ ከረጢት ግማሽ ያህል ይሆናል።

የእንጀራ ሊጥ ከተረፈም አትድፉት። 1 ኩባያ ሊጥ፣ 1 እንቁላል (በጾም ተልባ)፣ ግማሽ ሙዝ፤ ቀጥኖ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ መጨረሻ ላይ ገብቶ ወዲያው ይጋገር። ከቆየ አረፋው ይሞታል።

መልስ (አሌክሳንድርያ)
ሁለት ነገር ልጨምር። ማር ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፣ በፓንኬክ ላይም ቢሆን፤ ቦቱሊዝም ለተባለ ከባድ መመረዝ ያጋልጠዋል። ሌላው፣ የጤፉን ብረት ሰውነት የሚያገኘው ብርቱካን ወይም እንጆሪ አብሮ ሲበላ በተሻለ ሁኔታ ነው፤ ሻይ ግን ያግደዋል። ለልጆቹ ከፓንኬኩ ጋር ሻይ አትስጪያቸው፣ ውሃ ይሁን።