የመሣሪያ ስለት የጋራ ዕቅዳችን፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቆዳ ሠሪዎች ማኅበራችን ለወረዳ የሚያስገባው የመሣሪያ ዕቅድ በወሩ መጨረሻ ማለቅ አለበት። በእጄ ያለው ረቂቅ ግማሽ ገጽ ነው፤ ዋና ሐሳቡም «ማኅበሩ አንድ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ይግዛ፣ አባላት በተራ ካራቸውን ይሳሉበት፣ ሥልጠናውንም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይስጥ» የሚል ነው። ስብሰባው ላይ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌዋለሁ። አሁን ግን እንዳለ እንዳይገባ እለምናችኋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የበግ ቆዳ ቦርሳ ይዤ ነበር። ለስፌት እንዲታጠፍልኝ የክዳኑን ጠርዝ ሳቀጥን ካራው መላጡን ትቶ ቆዳውን እየሰበሰበ ይገፋል። ጫን አልኩት። አመለጠና ክዳኑን ከዳር እስከ መሀል ሰነጠቀው፤ የግራ አውራ ጣቴንም አገኘው። ከሁለት ሳምንት በፊት ብየዳ ቤት ወስጄ በግራይንደር ያሳልኩት ካራ ነው። ያን ዕለት ወረቀት ሲቆርጥ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር የተመለስኩት። ደሙ ከቆመልኝ በኋላ ጫፉን ወደ መስኮት አዙሬ ሳየው ጥፍር የሚያህል ቦታ ሰማያዊ ሆኗል። ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ኮርቻ ሠሪ፣ መሐል ሜዳ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ሰማያዊው ብረቱ መቃጠሉን ነው የነገረህ። ካራ ስለት የሚይዘው ሲሠራ ግሎ ስለተነከረ፣ ከዚያም በልኩ ስለሞቀ ነው። ከልክ በላይ እንደገና ሲሞቅ ጥንካሬው ይሄዳል። መልኩን እያየህ ማወቅ ትችላለህ፦ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደ ገለባ ቢጫ ይላል፣ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ የደረሰ ካራ ቢሳልም ጠዋት ቆርጦ ከሰዓት ይደነዝዛል። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱን የሚጋራው ብረት የለውም፤ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ይቃጠላል። መፍትሔው ሰማያዊውን ክፍል ሻካራ ድንጋይ ላይ በውኃ ፈግፍጎ መጨረስና ከጤነኛው ብረት መጀመር ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ግራይንደሩ ጨርሶ ይቅር።

ሌላም ልጨምር። እኔ ለኮርቻና ለልጓም የበሬ ቆዳ ነው የምተለትለው። በሥጋው በኩል አሸዋና አቧራ ተጣብቆ ይመጣል። ካራውን የሚበላው ያ አሸዋ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በደረቅ ብሩሽ ጠርጉት። ዕቅዱ ውስጥ ባታስገቡትም ለወጣቶቹ ንገሩልኝ።

ቦርሳ አምራች፣ ሸዋ ሮቢት፦

ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ። ግራይንደሩ ጨርሶ ይቅር በሚለው ግን አልስማማም። እኔ ዘንድ አራት ልጆች ይሠራሉ። ካራ ወድቆ ሲሸረፍ ወይም የቀበቶ መብሻ አፉ ሲጎረድ፣ በድንጋይ ብቻ ማስተካከል ግማሽ ቀን ይበላል። ግማሽ ቀን ደግሞ ለእኔ አንድ ትዕዛዝ ነው። ከተማ ያላችሁት ብየዳ ቤቱ ቅርባችሁ ስለሆነ አይታወቃችሁም።

ኮርቻ ሠሪ፣ መሐል ሜዳ፦

እውነትሽን ነው ልጄ። እንግዲያው በእጅ የሚዞረው ይሁን። በዝግታ ስለሚዞር ብረቱን ቶሎ አያግለውም፣ መብራት ሲጠፋም አይቆምም። አጠገቡ የውኃ ጣሳ ይቀመጥ። ካራው ለጣት እንደሞቀ ይነከር። የሸረፈ ለማስተካከል ብቻ ይሁን፤ ስለቱን የሚያወጣው ድንጋዩ ነው።

ቦርሳ አምራች፣ ሸዋ ሮቢት፦

በዚህ ተስማምቻለሁ።

ጫማ ሠሪ፣ ደብረ ብርሃን፦

ገንዘቡ እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን እንዳንጠብቅ። እኔ የጀመርኩት በመስታወት ነው። መስኮት ከሚሠሩ ልጆች የተረፈ ወፍራም ቁራጭ ለመንኩ፤ ውኃ የሚችለውን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት አርጥቤ ለጠፍኩበት። መጀመሪያ ቁጥር 400፣ ከዚያ 1000፣ መጨረሻ 2000፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል። መስታወት ዝንፍ የማይል ሜዳ ነው። ካራውን ወደ ጀርባው መሳብ ብቻ እንጂ በስለቱ በኩል መግፋት የለም፤ ከተገፋ ወረቀቱን ይተለትለዋል።

ጠርዙ መሳል አለመሳሉን የማውቀው በማርከር ነው። የተሳለውን ገጽ እቀባውና ሁለት ሦስት ጊዜ ድንጋዩ ላይ አስኬደዋለሁ። ቀለሙ የቀረበት ቦታ ድንጋዩ ያልነካው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው እጫፉ ላይ ነው፤ ለካስ ስንት ዓመት የካራዬን ትከሻ ስስል ኖሬያለሁ! በሁለቱም በኩል ለሚሳል ካራ ደግሞ ልኬት ይዣለሁ፦ ስፋቱ 3 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ጀርባው ከድንጋዩ 8 ሚሊሜትር ያህል ሲነሳ 15 ዲግሪ ይሆናል። የቆዳ ጠርዝ ማቅጠኛው ካራ ግን በአንድ በኩል ብቻ ስለሚሳል፣ ጠፍጣፋው ፊቱ ለስላሳው ድንጋይ ላይ ተኝቶ ከመጥራት በቀር አይነካም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባለፈው ኅዳር በውኃ የሚሠራውን የመሳያ ድንጋዬን ባልዲ ውስጥ እንደነከርኩት ረስቼው ቤቴ ገባሁ። ሌሊቱን ውርጭ ወረደ። ጠዋት የባልዲው ፊት በረዶ ይዟል። ሰብሬ ድንጋዩን ሳነሳው ግማሹ እጄ ላይ መጣ፣ ግማሹ እውስጥ ቀረ። ቀዳዳዎቹ የጠጡት ውኃ ሲረጋ እየሰፋ ከውስጥ ነው የሰነጠቀው። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለነው። ማኅበሩ የሚገዛው ድንጋይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ከተጠቀምንበት በኋላ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ቤት ውስጥ ይደር። ይህ ዕቅዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍልኝ።

ደጓሽ፣ ሰላ ድንጋይ፦

ሁላችሁም ስለ ካራ ነው የምታወሩት። ወስፌውንስ ማን ያስብለት?

የመጻሕፍት ልባስና ማኅደር ስሰፋ እውላለሁ። ወስፌ ሲደነዝዝ ቆዳውን አይበሳውም፣ ይቀደዋል፤ ክሩ ሲጠብቅ ቀዳዳው አፉን ከፍቶ ይቀራል። የእኔ ወስፌ ጫፉ ባለ አራት ማዕዘን ነው። አራቱንም ፊት እኩል ካልሳላችሁት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ስፌቱም ይጣመማል። ለስላሳ ድንጋይ ላይ አስተኝቼ እያንዳንዱን ፊት አሥር አሥር ጊዜ እስበዋለሁ፤ እየቆጠርኩ ነው ታዲያ። ከዚያ መወልወያ ቆዳ ላይ። ስሠራ አንድ ድብልብል ሰም አጠገቤ አይጠፋም፤ በየጥቂቱ ወስፌውን እወጋበታለሁ። እንደ ቅቤ ነው የሚገባላችሁ።

መወልወያውን አባቴ ነው ያስተማረኝ። የካራ ወርድ ያለው ጣውላ ላይ ወፍራም ቆዳ ይለጠፋል፣ አረንጓዴው የብረት መወልወያ ሰም ይቀባበታል። ድንጋይ ላይ ስትስሉ ከጫፉ ማዶ የምትታጠፍ ቀጭን ብረት አለች። አባቴ «ጢም» ይላት ነበር። በዓይን አትታይም፤ አውራ ጣታችሁን ከጀርባ ወደ ስለቱ ስታንሸራትቱ ትይዛችኋለች። ጢም ካላወጣ ገና አልተሳለም። ካወጣ በኋላ ደግሞ ካልወለወላችሁት ጢሟ ሥራ ላይ ትሰበርና ስለቱን ይዛው ትሄዳለች። ሁልጊዜ በጀርባው እየሳባችሁ፣ በእያንዳንዱ ወገን ሃያ ጊዜ። ሥራ ላይ እያላችሁም በየሰዓቱ ጥቂት ብታስነኩት ድንጋይ ሳያስፈልጋችሁ ሳምንት ትከርማላችሁ።

የቆዳ ጠርዝ የምናድቦለቡልባት መላጫ ቦይዋ ጠባብ ስለሆነ ድንጋይ አይገባባትም። ወፍራም ክር ያንኑ አረንጓዴ ሰም እቀባና ሁለቱን ጫፍ ወጥሬ በቦይዋ ውስጥ እስባታለሁ። መብሻ በውጭው በኩል ብቻ ይሳላል። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ብረት አድርጎ መምታት ግን አፉን መግደል ነው፤ ከሥሩ የእንጨት ጉማጅ በተቆረጠበት ፊቱ በኩል ይሁንለት።

ቦርሳ አምራች፣ ሸዋ ሮቢት፦

ጋሼ፣ የእኔ መብሻ የሚጎረደው ለዚህ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚመቱት። ዛሬውኑ ጉማጅ አስመጣለሁ።

ጠፍርና መጫኛ ሠሪ፣ ደብረ ሲና፦

የእኛ ጠላት ዝገት ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ያደረ ብረት ሁሉ ይልባል። ካራን በቆዳ ሰገባ ማሳደር መልካም ይመስላል፤ በቅርፊት የለፋ ቆዳ ግን ከብረት ጋር ሲስማማ አላየሁም። እርጥበት ሲያገኘው ብረቱን ያጠቁረዋል፣ ያዝገዋል። ደረቅ ጨርቅ ይሻላል። የሚቀባው ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ይሁን፤ የኑግ ዘይት እየዋለ ይጣበቃል። እኔ ቀብቼው ዓመት የቆየ መቀስ ለማላቀቅ ጋዝ ነው የተጠቀምኩት።

ገንዘብ ያዥ፦

ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይምጣ። ግራይንደሩ የኤሌክትሪክ ካልሆነ ለመስመር ዝርጋታ የያዝነው ይቀራል። ያ ገንዘብ ለአሠልጣኝ አበል ይዛወር። ሥልጠናውን ግን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ማድረጉ ለምን አስፈለገ? 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መጥቶ፣ ሁለት ቀን አስተምሮ የሚሄድ ሰው ነው። ከላይ የተጻፈውን አንብቡት፤ አሠልጣኞቹ እኛው ውስጥ አሉ።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦

ሁሉንም አንብቤ የረቂቁን ዋና ክፍል እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበሩ አንድ የጋራ የስለት ጠረጴዛ ያቋቁማል። ጠረጴዛው ላይ ቁጥር 400፣ 1000 እና 6000 የመሳያ ድንጋዮች፣ ወፍራም መስታወት ከብርጭቆ ወረቀት ጋር፣ ሁለት መወልወያ ቆዳና አንድ በእጅ የሚዞር ግራይንደር ይኖራሉ። ግራይንደሩ የተሸረፈ መሣሪያ ለማስተካከል ብቻ፣ የሠለጠነ አባል ባለበት ይሠራል። ድንጋዮቹ መሀላቸው ሲጎደጉድ መስታወቱ ላይ በሻካራ ወረቀት ይስተካከላሉ፤ በውርጭ ወራት ደርቀው ቤት ውስጥ ያድራሉ። ሥልጠናውን የማኅበሩ ነባር ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን ይሰጣሉ፣ አበልም ይከፈላቸዋል። የካራ፣ የወስፌና የመብሻ አያያዝ በየተራ ይሰጣል።»

የጎደለ ካለ ዛሬና ነገ ንገሩኝ።

ደጓሽ፣ ሰላ ድንጋይ፦

«በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ከአባላት ጋር እኩል ይሠለጥናሉ» የሚል ይጨመርበት። ወስፌ የያዘ ሰው በክፉ ስም ሲጠራ ያደግን ሰዎች ነን። ልጆቹ ሙያውን በግልጽ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይማሩት።

ጸሐፊ፣ ደብረ ብርሃን፦

ተጨምሯል። ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያውን ሙከራ በጫማ ሠሪያችን መስታወት ላይ እናደርጋለን። እያንዳንዱ ሰው የደነዘዘ አንድ ካራና አንድ ወስፌ ይዞ ይምጣ። እኔ ያን የተቃጠለውን ካራ ዛሬ ማታ ፈግፍጌ እጨርሰዋለሁ።

ኮርቻ ሠሪ፣ መሐል ሜዳ፦

እንዳትነካው ልጄ። ሰማያዊው እንዳለ ቅዳሜ ይዘኸው ና፤ ለልጆቹ የማሳያቸው እሱን ነው።