የአዲስ ዓመት ግብ በካርድ ላይ፦ እምነት ነው ወይስ እግዚአብሔርን ማዘዝ?

ጠያቂው፦ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ክፍል ለመስከረም 1 ካርድ አዘጋጅቷል። እያንዳንዱ ሰው በዓመቱ እንዲሳኩለት የሚፈልጋቸውን ሦስት ግቦች ይጽፋል፤ ካርዱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይጸለይበታል፤ ጳጉሜን ላይ ተከፍቶ ምስክርነት ይሰጥበታል። ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ ደግፏል፣ ገሚሱ ተቃውሟል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? የሌላ ቤተ እምነት ወንድሞችና እህቶችም ሐሳባችሁን ስጡ።

ጡረተኛ መምህር፦ ተቃዋሚ ነኝ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 የሚገሥጻቸው ነጋዴዎች ሰነፎች አልነበሩም። የሚሄዱበትን ከተማ መርጠዋል፣ አንድ ዓመት ሊቆዩ ቆርጠዋል፣ ትርፉንም አስበዋል። ለዕቅድ ምን ጎደለው? የጎደለው «ጌታ ቢፈቅድ» ማለት ነበር። እኛ ደግሞ ይህችን ቃል ካርዱ ግርጌ ላይ አትመን መንፈሳዊ አደረግነው እንላለን። አንድ የማውቀው ወጣት «መኪና» ብሎ ጻፈ፤ ሰባኪው እጁን ጭኖ «ተቀበል!» አለው። መኪናው አልመጣም፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ እሑድ አልታየም።

የወጣቶች አገልጋይ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። የነገሩን የሰባኪውን ጥፋት ነው እንጂ የዕቅድን አይደለም። የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ለንጉሡ የተናገረው ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ በኒሳን። በመካከሉ ጾመ፣ ጸለየ። ንጉሡ መቼ ትመለሳለህ ሲለው ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» አላለም፤ ጊዜ ቆርጦ ነገረው። ለበሩ እንጨት እንዲሰጠው ለንጉሡ ዱር ጠባቂ ለአሳፍ ደብዳቤ እንዲጻፍለት ለመነ። ከተማው ሲደርስም በሌሊት ዞሮ ፍርስራሹን መረመረ። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ። ይህ ሰው እምነት ጎድሎት ነው?

የባንክ ሠራተኛ፦ ጋሼ የሚፈሩት ትዕቢትን ነው። እኔ በመስኮቴ በኩል የማየው ግን ሌላ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ «እሱ ያውቃል» ሲል ከርሞ መስከረም ላይ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ሊበደር የሚመጣ አባት። ክፍያው እንደሚመጣ እኮ ሰኔም ላይ ይታወቅ ነበር! ጳውሎስም ዕቅዱን ጽፏል፤ ለሮሜ ሰዎች በእናንተ በኩል አልፌ ወደ እስፓንያ እሄዳለሁ ብሏቸዋል። ሮሜ የገባው ግን እስረኛ ሆኖ፣ በወታደር እየተጠበቀ ነው። የሐዋርያት ሥራ ሲያልቅ በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምር እናገኘዋለን። ስለ ዕቅዱ ማንም አልገሠጸውም፤ እሱም «ጌታ ዋሸኝ» አላለም።

ዲያቆን፦ እኔ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነው። በቁጥር መወሰን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ «ከእንግዲህ ደግ ሰው ሁን» ብሎ አያሰናብትም፤ ይህን ያህል ቀን ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ፣ የበደልኸውን ካስ ይላል። ለሕመምተኛና ለጤነኛም እኩል አይጭንም፤ አቅም ያያል። ግን ልብ በሉ፦ የሚቆጠረው የሰውየው ሥራ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ስጦታ አይደለም። ስለትም እንደዚሁ ነው፤ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ የተሳለ ሰው የሚጠየቀው ስለ ጃንጥላው ነው። ደግሞም ቀኖናው በንስሐ ልጁና በአባቱ መካከል ይቀራል። የእናንተ ካርድ በጉባኤ ፊት ይከፈታል መባሉ ግን አልገባኝም። ያልተሳካለት ሰው የዚያን ቀን ምን ሊያደርግ ነው? ታምሜያለሁ ብሎ ይቀራል።

ከቤይሩት፦ ዲያቆን፣ እኔ ያልተሳካልኝ ሰው ነኝ። በሰው ቤት ነው የምሠራው። ስመጣ «ለእናቴ ቤት እሠራለሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። አሠሪዬ ደመወዜን ወራት ሙሉ ያዘችብኝ፤ የላክሁትንም ዘመድ በላው። እምነቴ አንሶ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት አልቅሻለሁ። አሁን ቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ የምጽፈው የራሴን ድርሻ ብቻ ነው። የቤቱ ሰዎች ሳይነሡ አንድ መዝሙር ማንበብ። ደመወዝ ከመጣ ከመላኬ በፊት ትንሽ ለራሴ ማስቀረት። ከተጣላሁት ወንድሜ ጋር «መታረቅ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አጥፍቼ «መደወል» አልሁት። ስልኩን አያነሳም። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ እደውላለሁ።

ጡረተኛ መምህር፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አንቺ የጻፍሽውን ማን ይቃወማል? እኔ የምቃወመው ሳጥኑን ነው። ሰው ጉባኤው የሚያየው መሆኑን ሲያውቅ ከወንድሙ መታረቅን ትቶ የሚያስጨበጭብለትን ይጽፋል። ቤት፣ ውጭ አገር፣ ጋብቻ። ምስክርነቱም የተሳካላቸው ሰዎች ሰልፍ ይሆናል።

የወጣቶች አገልጋይ፦ እውነት ለመናገር ባለፈው ዓመት ከወጡት ምስክርነቶች አብዛኞቹ እንደዚያ ነበሩ። እሺ፣ ካርዱ ለሁለት ይከፈል፦ በአንድ ወገን «የምለምነው»፣ በሌላው «የማደርገው»። ካርዱም ሳጥን አይገባም፤ ከባለቤቱ ጋር ይቀመጥ።

የባንክ ሠራተኛ፦ ከባለቤቱ ጋር ብቻ ከሆነማ ጥቅምት ሳይገባ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። አንድ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። በጉባኤ ፊት አይሁን እንጂ።

ዲያቆን፦ እኛ ያንን የንስሐ አባት እንለዋለን።

ጡረተኛ መምህር፦ የሚጠይቀው ሰው ማን እንደሚሆን ባለካርዱ ራሱ ይምረጥ፣ በኮሚቴ አይመደብበት። እንደዚያ ከሆነ ዝም እላለሁ። «ተቀበል» ባዩን ሰባኪ ግን መስከረም 1 መድረክ ላይ ካየሁት ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ለሽማግሌዎቹ ንገሩልኝ።