በ1987 ሕገ መንግሥት ላይ ሕዝበ ውሳኔ ነበር ወይስ አልነበረም?

ቤዛ፦ ስለ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ የቤት ሥራ ይዣለሁ። አንዱ ጽሑፍ «በ1987 ሕዝቡ በ81 በመቶ ድምፅ አጸደቀው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የ1987ቱን ያጸደቀው ጉባኤ ነው» ይላል። የትኛውን ልያዝ?

ዳኘው፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተምታታው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1987 የወጣው የኢሕዲሪ (የደርግ ዘመኑ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት ነው፤ ድምፅ የተሰጠበት ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር። ሁለተኛው አሁን ያለው ነው። የሕገ መንግሥት ጉባኤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. አጸደቀው፣ ነሐሴ 15 ሥራ ላይ ዋለ። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገበትም።
ለማጣራት ዓመተ ምሕረቱን ትተሽ ይዘቱን እዪ። 119 አንቀጽ ካለውና ብሔራዊ ሸንጎን (የያኔውን ምክር ቤት) ከጠቀሰ የደርጉ ነው፤ 106 አንቀጽና የፌዴሬሽን ምክር ቤት ካለው የአሁኑ ነው።

ወለላ፦ በ81ዱም ተጠንቀቂ። ድምፅ ከሰጡት ውስጥ እንጂ ከመራጩ ሁሉ አይደለም። ተሳትፎው 96 በመቶ ስለተባለ፣ ከጠቅላላው መራጭ ሲሰላ ወደ 78 ይወርዳል። «መንግሥት ያስታወቀው ውጤት» ብለሽ ጻፊ፤ ሕጋዊው ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ብቻ ነበርና። ረቂቁ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ በቀበሌና በገበሬ ማኅበር ለውይይት ቀርቧል፤ ስብሰባው ግን ብዙ ቦታ ግዴታ ነበር። ወደ 500 ሺህ አስተያየት መጥቶ የተቀበሉት ማሻሻያ 95 ነው። ለእኔ ከ81ዱ ይልቅ ይህ ነው ብዙ የሚናገረው።

ቤዛ፦ አመሰግናለሁ! የሲዳማውን ሕዝበ ውሳኔስ ልጨምረው?

ዳኘው፦ ለብቻው ከሆነ ጨምሪው። ኅዳር 10 ቀን 2012 የተካሄደው በአንቀጽ 47 መሠረት ክልል ለመሆን ነው እንጂ ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ አይደለም።

ቤዛ፦ የአሁኑን ለማሻሻልስ ሕዝበ ውሳኔ ያስፈልጋል?

ወለላ፦ አንቀጽ 104 የማሻሻያ ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ ይቅረብ ይላል፤ ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 105 ግን ድምፁን ለምክር ቤቶች ብቻ ነው የሰጠው። ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም መብቶቹን፣ ለመንካት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ መደገፍ አለባቸው። አንድ ክልል ከቀረ ይቆማል። ለሌሎቹ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይበቃል፤ አንቀጽ 104 እና 105 ራሳቸው ግን እንደ ምዕራፍ ሦስት ነው የሚታዩት።