«ዙግዝዋንግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ወዳጆች። ስለ አንድ የቆየ የቼዝ ጨዋታ እየጻፍኩ ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውድድር ላይ ኒምዞቪች ዜሚሽን ያሸነፈበት ነው። አከፋፈቱ ኩዊንስ ኢንዲያን ነበር። ጥቁር የያዘው ኒምዞቪች መሀል ላይ ፈረሱን ለሁለት ወታደር ሰጠ። በ25ኛው ተራ ዳር ያለችውን ወታደር አንድ ቤት ገፋት። በቃ፣ ዜሚሽ እጁን ሰጠ! ንጉሡ ቼክ እንኳ አልተባለም። ተራው የደረሰው ሰው የትኛውንም ጠጠር ቢያንቀሳቅስ የሚጎዳበትን እንዲህ ያለ ሁኔታ በጀርመንኛ ዙግዝዋንግ ይሉታል። «አጣብቂኝ» ብለው ይበቃል?

መልስ፦ ኧረ አይበቃም። አጣብቂኝ ውስጥ የገባ ሰው ቢያንስ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። «ዙግ» የጨዋታ ተራ ነው፣ «ዝዋንግ» ግዴታ። ባለህበት ብትቆይ ምንም አትሆንም፤ የሚያጠፋህ ተራህ መድረሱ ነው። ስብሰባ ላይ ጥግ ይዞ የተቀመጠውን ሰው «ያንተስ ሐሳብ?» ሲሉት እንደማለት። «ከድጡ ወደ ማጡ»ም አይሆንም፤ ድጡ ራሱ ክፉ ነዋ። ይሄኛው «ወይ ፍንክች ያባ ቢላዋ ልጅ» ማለት የተከለከለ ሰው ነው። እኔ ብሆን «የተራ ዕዳ» እለው ነበር።

ሌላ መልስ፦ «የተራ ዕዳ» ጆሮ ይገባል፣ ወድጄዋለሁ። ግን ምሳሌው ላይ ጥያቄ አለኝ። በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ጥቁሩ የነጭን ንግሥት ሊያጠምዳት ተዘጋጅቷል። ዜሚሽ ተራውን እንዲያልፍ ቢፈቀድለትም አይድንም። ስለዚህ ነገር የሚያጠብቁ ተጫዋቾች «ይህ ንጹህ ዙግዝዋንግ አይደለም» ይላሉ። ለዚህ ጨዋታ እንዲያውም «አጣብቂኝ» ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ሦስተኛ መልስ፦ የእኛን የጥንቱን ቼዝ፣ ሰንጠረዥን አትርሱ እንጂ። አከፋፈቱ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ቢፈልግ እጁን አጣጥፎ የሌላውን አሰላለፍ ማየት ይችላል። ተራ በሌለበት ደግሞ የምን የተራ ዕዳ? ዕዳው የሚመጣው ጠጠር ከተበላ ወዲያ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጀመሪያ «ዙግዝዋንግ» ብዬ፣ ከዚያ በኋላ «የተራ ዕዳ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የንግሥቲቱንም ወጥመድ አስገባዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰውየውን «ዜሚሽ» ልበል ወይስ «ሳሚሽ»?

መልስ፦ ጀርመናዊ ነው፤ «ዜሚሽ» በል።