ፊዚክስ ጨርሻለሁ፣ ኒውክሌር ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፣ ስኮላርሺፑን ከየት ልጀምር?

የቆላዋ ልጅ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አምና በፊዚክስ ተመርቄያለሁ፣ ሲጂፒኤዬ 3.41 ነው። እኛ ቆላ ነው የምንኖረው፣ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ፣ ገንዲ፣ የአያቴን በሬዎች ሲጨርስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ መምህራችን ቃሊቲ ውስጥ ወንድ የቆላ ዝንብ ተራብቶ በጨረር መክኖ እንደሚለቀቅ፣ ሴቷ ከሱ ጋር ከተገናኘች እንደማትወልድ ሲነግረን ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ከወንበሬ አልተነሳሁም፣ ከዛ ወዲህ ሌላ ነገር መማር አላሰኘኝም። ቤተሰቦቼ ግን የውጭ ትምህርት ቀርቶ የአውሮፕላን ትኬትም አይችሉም። አንድ ኤጀንት 60 ሺ ብር ካመጣሽ ስኮላርሺፑን እኔ እጨርስልሻለሁ አለኝ። ኦሪጅናል ዲግሪዬ በኮስት ሼሪንግ ተይዟል፣ እጄ ላይ ያለው ቴምፖራሪ ነው። አባቴ ደግሞ ኒውክሌር ሲባል የሚመጣበት ቦምብ ብቻ ስለሆነ እሱንም ማስረዳት ከበደኝ። መንገዱን የምታውቁ እባካችሁ።

ሚላን ያለሁት
የኔ እህት ለኤጀንቱ አንድ ብር እንዳትሰጪ። ላንቺ የሚሆነው የማሪ ስክሎዶውስካ ኩሪ ፌሎሺፕ ነው፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረው፣ ለሴቶች ብቻ፣ የምታመለክቺው ራሳቸው ዌብሳይት ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም። ለትምህርት በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ፣ ለኑሮ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ፣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይሰጣሉ፣ ከዛ እስከ 12 ወር የሚሆን ኢንተርንሺፕ ያመቻቹልሻል። ከ4 ቢያንስ 3 ነው የሚጠይቁት ስለዚህ በውጤት አትወድቂም።

አሁን የምልሽን ግን ልብ በይ። ፌሎሺፑ ዩኒቨርሲቲ አያስገባሽም! አድሚሽኑን የምታመጪው ራስሽ ነሽ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ያጣሁት በዚህ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ሞቲቬሽን ሌተር ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ መስከረም ሲመጣ የተቀበለኝ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ክረምት ላይ ተከፍቶ መስከረም 20 አካባቢ ነው የሚዘጋው፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ግን ከዛ በጣም ቀድሞ ያልቃል፣ ስለዚህ አድሚሽን ፍለጋውን ከጥቅምት ኅዳር ጀምረሽ ያዢው። ደግሞ ክፍያው በዓመት 30 ሺ ዩሮ የሆነ ቦታ ብትመርጪ 20 ሺውን ማን ይከፍልልሻል? ጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያ በቤተሰብ ገቢ ነው የሚሰላው፣ ሚላን ፖሊቴክኒክ ኒውክሌር ኢንጂነሪንግ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ክልሎቹም ለተማሪ የራሳቸው ድጋፍ አላቸው።

ፊዚክስ ስለሆንሽ ቴርሞዳይናሚክስና ሒሳብ ስንት ክሬዲት እንደወሰድሽ ያዩብሻል፣ የኮርስ አውትላይኖችሽን ካሁኑ ከዲፓርትመንት ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። ቴምፖራሪሽን ይዘሽ አመልክቺ፣ ግን የኮስት ሼሪንጉን ነገር ለቪዛ ሰሞን አታቆዪው፣ ዶክመንት ውጭ ጉዳይ ማረጋገጥ ስትጀምሪ እሱ ነው የሚያስርሽ። ሞቲቬሽን ሌተሩ ላይ ደግሞ የአያትሽን በሬዎች ጻፊ። እዚህ የጻፍሽውን ልክ እንደዚሁ። ሁሉም ከልጅነቴ ሳይንስ እወዳለሁ ነው የሚለው።

ቶምስክ የተማረው
ሚላን ያለሽው እህታችን ሁሉን ብለሽዋል፣ እኔ ለወንዶቹም ልጨምር ምክንያቱም እሱ ለሴት ብቻ ነው። የሩሲያ መንግሥት በየዓመቱ ለኢትዮጵያ የስኮላርሺፕ ኮታ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ፑሽኪን ማዕከል ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ሞስኮ ያለው ሜፊ የሚባለው የኒውክሌር ዩኒቨርሲቲና ሳይቤሪያ ያለው ቶምስክ ፖሊቴክኒክ ዋናዎቹ ናቸው። ቶምስክ የማስተማሪያ ሪአክተር ዩኒቨርሲቲው ስር አለ፣ 6 ሜጋዋት፣ ዶዚሜትር፣ የጨረር መለኪያ ማለት ነው፣ አድርገህ ገብተህ ነው የምትማረው፣ ይሄን በመጽሐፍ አታገኘውም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ ትምህርቱ ነፃ ነው እንጂ ስታይፔንዱ ለወር አስቤዛ አይበቃም፣ ትኬትና ኢንሹራንስ በራስህ ነው፣ መጀመሪያ አንድ ዓመት ፖድፋክ ገብተህ ሩሲያኛ ትማራለህ። እኔ ሁለተኛው ሴሚስተር ድረስ ሌክቸር ላይ ቁጥሮቹን ብቻ ነበር የምጽፈው። መስከረም 2018 ሞስኮ ላይ በኢትዮጵያና በሩሲያ መካከል ስለ ኒውክሌር ማመንጫ ሰነድ ከተፈረመ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል፣ ቋንቋውን ንቃችሁ ግን እንዳትመጡ።

ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ደግሞ ጣሊያን ትሪኤስቴ ከተማ አይሲቲፒ የሚባል ዓለም አቀፍ የፊዚክስ ማዕከል አለ፣ ሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ፣ አንድ ዓመት ክፍል አንድ ዓመት ሆስፒታል።

አቤል ከሜሪላንድ
አሜሪካ ላላችሁ ልጆች፣ የኢነርጂ ዲፓርትመንት ለኒውክሌር ተማሪ ስኮላርሺፕና ፌሎሺፕ አለው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው የሚያመለክተው። የቆላዋ ልጅ፣ ለአባትሽ ጥቁር አንበሳ ካንሰር በጨረር እንደሚታከም ንገሪያቸው። እናቴ እዛ ነው የታከመችው።

የቆላዋ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ወንድሜ አቤል እናትህን ዕድሜ ይስጥልህ። ለአባቴ ማታ አነበብኩለት፣ የዝንቡን ነገር ሁለቴ ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ። ሰኞ አውትላይኑን ማኅተም ላስመታ ዲፓርትመንት እሄዳለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሪኮመንዴሽን ከአድቫይዘሬ ሌላ ሁለተኛውን ከማን ላምጣ፣ ኢንተርንሺፕ ከሠራሁበት ቦታ ይሆናል?

ሚላን ያለሁት
ይሆናል፣ በደንብ የሚያውቅሽ ሰው ይሁን እንጂ። ሌተሩን ስትጨርሺ በውስጥ ላኪልኝ አነብልሻለሁ።