የመጀመሪያ የኤፍፒጂኤ ቦርድ፦ የቱን ላስመጣ?

የኮዬዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አርዱይኖ ላይ ሁለት ዓመት ቆየሁ፣ አሁን ወደ ኤፍፒጂኤ (የውስጥ ሰርኪዩቱን ራሳችን የምንቀርጸው ቺፕ) ልገባና ቬሪሎግ (ሰርኪዩቱ የሚጻፍበት ቋንቋ) ልጀምር ነው። አክስቴ በወሩ መጨረሻ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ቦርድ ታመጣልኛለች። ቤሲስ 3 ወይስ ታንግ ናኖ 9ኬ? ላፕቶፔ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ ኢንተርኔቴ የሞባይል ዳታ። የኮዬ ፈጬን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሽቦ አደር፦ ቤሲስ 3! ለተማሪ ተብሎ የተሠራ ነው። 16 ማብሪያ ማጥፊያ፣ 16 ኤልኢዲ፣ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ማሳያ፣ የስክሪን መሰኪያም (ቪጂኤ) አለው። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ መሰካኪያ) ሳትነኪ ብዙ ትማሪበታለሽ።

የሰበታው፦ ዋጋውን ተይው፣ ሶፍትዌሩስ? ቤሲስ ቪቫዶ የሚባለውን ሶፍትዌር ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በአስሮች የሚቆጠር ጊጋ ይበላል። እኔ በዳታ ላወርደው ሞክሬ ጥቅሌ አለቀ፣ መብራት ሄደ፣ እንደገና ከዜሮ። በመጨረሻ ከጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ ገለበጥኩት። ታንግ ናኖ ግን ዮሲስና ኔክስትፒኤንአር በሚባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ይሠራል፤ ከቪቫዶ ጋር ሲተያዩ ኢምንት ናቸው። 8,640 ሉት (የሎጂክ መሥሪያ ሕዋስ) አለው፤ ትንሽ ፕሮሰሰር ይሸከማል።

ሽቦ አደር፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ቁልፉ 2፣ ኤልኢዲው 6 ብቻ ነው።

የኮዬዋ፦ ቁልፍ ከአርዱይኖዬ ጋር አለኝ። አርዱይኖውን ከታንግ ጋር በቀጥታ ላገናኘው?

የሰበታው፦ ኧረ በፍጹም! አርዱይኖሽ ባለ 5 ቮልት ከሆነ ቦርዱን ያቃጥልብሻል። የታንግ ፒኖች ቢበዛ 3.3 ናቸው፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም 1.8። መሃል ላይ ሌቭል ሽፍተር (ቮልቴጁን የሚያስተካክል) አስገቢ።

ማታ ማታ፦ እህቴ፣ ቦርዱ እስኪመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። አይካረስ ቬሪሎግ (ኮዱን ኮምፒውተር ላይ መሞከሪያ) እና ጂቲኬዌቭ (ውጤቱን በግራፍ ማያ) ጫኚ፤ ቀላል ናቸው፣ ያለ ቦርድ ይሠራሉ። የመጀመሪያ ሥራሽ መቼም ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም ማድረግ ነው። የታንግ ክሎክ (የሥራ ምቱ) 27 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 27 ሚሊዮን ምት ነው፤ ለግማሽ ሰከንድ 13,500,000 ትቆጥሪያለሽ፣ ባለ 24 ቢት ቆጣሪ ይበቃል። ኤልኢዲዎቹ የሚበሩት ደግሞ 0 ስትሰጫቸው ነው። እኔ ይቺን ሳላውቅ እሁዴን ሙሉ ኮድ ስበረብር ዋልኩ። ሌላው፣ ሥራሽን ኤስራም (ጊዜያዊው ማህደር) ላይ ብቻ ከጫንሽው ገመዱ ሲነቀል ሁሉን ይረሳል። እንዲቆይልሽ ፍላሽ (ቋሚው ማህደር) ላይ ጻፊው።

የኮዬዋ፦ ተባረኩ! ታንግ ናኖ ይሁን። ፎቶውን ለአክስቴ ብልክላት «ይቺ ናት እንቅልፍ የነሳችሽ?» አለችኝ። አይካረስን ዛሬ ማታ እጭናለሁ፣ መብራት ካለ።